የዘነበወርቅ ልጅ ነኝ

እናቴ ከሥጋ ደዌ የዳነችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ የደረሰብኝ ቤታችን ውስጥ በሌለ በሽታ ሰበብ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። እሷ ከጎጃም ስትነሳ ባሏ ፈቷት፣ ወንድሞቿ ከጓሮ ለብቻዋ ጎጆ ቀልሰውላት፣ ጠበል ለጠበል ተንከራትታ ነበር። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «አዲስ አበባ መድኃኒቱ አለ» አላትና በእግሯም በመኪናም ብላ ዘነበወርቅ ደረሰች። ያኔ ዳፕሶን የሚባለውን ክኒን ለዓመታት መዋጥ ግድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው ጥምር መድኃኒት ወደ አገራችን ሲገባ እሷም ወደዚያ ተዛወረች፤ ጨረሰች፤ ካርዷም ተዘጋ። አባቴንም ያገኘችው እዚያው ነው። እሱም ታክሞ የዳነ፣ እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ጫማ የሚሰፋ ሰው ነበር።

መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመልስም። ሰው «በሽታው ጣት ይበላል» ይላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ነርቩ ሲጎዳ እጅ ሙቀትና ሕመም አያውቅም። የጋለ ብረት ድስት ይይዛል፣ ይቃጠላል፣ አያውቅም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ቀስ እያለ ይሟሽሻል፣ ጣት ያጥራል። ስለዚህ እኛ ቤት እሳት ላይ ያለ ነገር የምነካው እኔ ነበርኩ። ጀበናው ግሎ እንደሆነ፣ ውኃው ለእግር መታጠቢያ በርዶ እንደሆነ፣ ምጣዱ ሰምቶ እንደሆነ እናቴ የምታውቀው በእኔ እጅ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጀምሮ «እስቲ ነካ አድርጊልኝ» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ከማንም በፊት የሆነ ነገር እንድሠራ የጠየቀችኝ፣ የነገርኳትንም አምና የተቀበለችኝ እሷ ናት።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። እናቴ የታከመችበት ሆስፒታል የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ስሙም በወጣትነታቸው ካረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ እንዲሆን አለርት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ጀርሙን ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ መሥራቾቹ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። ለልጆች የቆሙ ድርጅቶች ናቸው ያን ቤት የሠሩት፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከየገጠሩ መጥቶ የዳነው ሰው አገሩ ስላልተቀበለው በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ተጋባ፣ ወለደ። የተወለድነው ጤነኞች ነን፤ በሽታው በዘር አይተላለፍም። በአንድ ወገን የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ቆሼ ነበር። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ልጅ ሁለት ስም ተሸክሞ ነው ያደገው፣ የበሽታውንና የቆሻሻውን። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲፈጅ ነው ብዙ ሰው እዚያ ልጆች እንደሚኖሩ ያወቀው።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከሰፈራችን ራቅ ይላል፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። «ሰፈርሽ የት ነው?» ስንባል «አየር ጤና» የምንል ብዙ ነበርን። ልጅ ግን ይከታተላል፣ በየት በኩል እንደምትታጠፊ ያያል። ከዚያ በኋላ እቴሜቴ ስንጫወት ተራዬ ሲደርስ ከፊቴ የቆመችው ልጅ እጆቿን ከኋላዋ ትደብቃለች፤ እኔ አየር እመታለሁ። ክፍሉ ጠቦ ልጆች ወለል ላይ ሲቀመጡ እኔ አንድ ዴስክ ብቻዬን ይዤ ነበር። ምሳ ዕቃዬን የሚያይ እንጂ የሚቀምስልኝ አልነበረም፤ እኔም የሌላውን አልቀመስኩም። በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ የምሄደው ሁሉም ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እንዲያ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ቀድሜ ስጠጣ የሚሆነውን አንዴ አይቼዋለሁ።

አንድ ቀን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተረትና ምሳሌ ከየቤታችን ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። አንድ ልጅ ተነሳና «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» አለ። ክፍሉ ዞሮ አየኝ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉትና «ትርጉሙን የሚነግረን ማነው?» አሉ። እጅ ወጣ፤ ተብራራ፤ «ጎበዝ» ተባለ። ከዚያ ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ አሉን። እኔም ገለበጥኩ። ይህን አባባል ሳያስቡት በስብሰባ፣ በሬዲዮ፣ በሸንጎ የሚጠቅሱ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም አሉ። እነሱ ስለ ድፍረትና ስለ ጨዋነት የሚናገሩ ይመስላቸዋል። አጠገባቸው የማን ልጅ እንደተቀመጠች አያውቁም።

ወዲያው ሌላ መጣ። ለእናቴ ድስት ሳወርድ እጄን እሳት ፈጀኝ፤ ሲድን ቦታው ነጣ አለ። «ወጣባት!» ተባለ። ትምህርት ቤቱ ከሐኪም ወረቀት እንዳመጣ አዘዘኝ። ሆስፒታሉ መርምሮ የቃጠሎ ጠባሳ መሆኑን ጽፎ ሰጠን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወረቀቱንም እኔንም ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ዘበኛው ከበር አላስገባትም። ወረቀቱን ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ «ድንጋዩ ላይ አስቀምጪው» አላት። «እርስዎ» አላላትም፤ በዕድሜ እናቱ ትሆናለች። ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ አደረገችው፣ ንፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫነችበት፣ እጄን ይዛ መለሰችኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ወራት አለፉ። መናገርም ተውኩ። ላኩርፍ ብዬ አልነበረም፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ አይወጣም ነበር። እናቴ «በገብረ ክርስቶስ ይዤሻለሁ፣ አንድ ነገር በይኝ» እያለች ታለቅሳለች። ማታ ማታ ባልነቃ ብዬ እየተመኘሁ የምተኛበት ጊዜ ነበር። አንድ ልጅ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ሊመኝ እንደሚችል ወላጆችና መምህራን እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ጊዜው በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ የነበረበት ዘመን ነው። ወጣቶች ድራማ ያሳያሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ይገለባበጣሉ። የእኛ ቀበሌ ክበብ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች የተለየ ክፍል ከፈተ። የሚመራው ቴአትር የሚወድ ወጣት ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ልጆች ይምጡልኝ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ አልተቀመጠም፤ በር ለበር ዞረ። እኛ ቤት ሲመጣ እናቴን «እንደምን ዋሉ እማማ፤ ቅዳሜ ልጅዎን እንዲልኩልኝ ነው» አላት። «እሷ እኮ አትናገርም፣ ልጄ» አለችው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ከበሮስ ትመቻለሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እንግዲያው ከበሮ መቺ አጥተናል» አለና ሄደ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው፣ የወለሉ ሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ነበር። የልጆቹ ስብጥር ግን በኋላ ስረዳው የታሰበበት ነው። ግማሹ የእኛ ሰፈር፣ ግማሹ የአየር ጤናና የኮልፌ ልጅ። ሲጀመር ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ እንያያዛለን። በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ግራ እጄን ያዘ፤ ቀኝ እጄን ከልጆቹ ሁሉ ታላቅ የሆነችው ልጅ ሳታመነታ ያዘችው። ማንም ስለ እኔ ምንም አልተናገረም። «ይህችን ልጅ አታግልሏት» የሚል ንግግር አልተደረገም። ቢደረግ ኖሮ እንደገና ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ያርፍ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመለስም ነበር።

ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከሄድኩ በኋላ የከበሮው ሣጥን ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ይኖራል። እኔ ካልደረስኩ ሣጥኑ አይከፈትም፤ ሣጥኑ ካልተከፈተ ልምምድ የለም። አንድ ቅዳሜ ትኩሳት ይዞኝ ስቀር ሁለት ልጆች በራችን ድረስ መጥተው «ቁልፉ የት አለ? አንቺስ ምን ሆንሽ?» አሉ። ቁልፉን ፈልገው መምጣታቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም እኔን ፈልጎ በራችን ላይ የቆመ ልጅ ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅም። እናቴ ገብተው ዳቦ እንዲቀምሱ ለመነቻቸው። አንደኛው ገባ፤ ሌላኛው ደጅ ቆሞ ጠበቀ። የገባው በላ።

የምናሳየውን ድራማ የምንመርጠው እኛው ልጆች ነበርን። አንድ ልጅ፣ በጣም የሚያስቅ ልጅ ነበር፣ «ቆማጣ ለማኝ ልሁን» ብሎ ጣቶቹን አጣጥፎ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ መሀል ገባ። በየመድረኩ ያየውን ነው ያደረገው። ልጆች ሳቁ። የእኛ ሰፈር ልጆች ዝም አልን። ጋሼ አልተቆጣም። ተነስቶ ወንበር አመጣና ልጁን አስቀመጠው፤ «ጥሩ። አሁን ይህን ሰው እንወቀው። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?» አለ። ልጁ «ይለምናላ» አለ። «ከመለመኑ በፊትስ? ፊቱን አይታጠብም? ውኃውን ማን ይቀዳለታል? ልጅ አለው? ቁርሱን ምን ይበላል?» ልጁ መልስ አጣ። ጋሼ ወደ ሁላችንም ዞሮ «የሚያውቅ አለ?» አለ፣ ወደ ማናችንም ለይቶ ሳያይ።

እኔ ተናገርኩ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ አዳራሽ ድምፄን የሰማ አልነበረም። «ጠዋት ጀበናውን በጨርቅ ትይዛለች» አልኩ። «ልጇ ነክታ ካላየችላት አታነሳውም። ከዚያ ፈትል ትፈትላለች። እንዝርቱን በጣቷ ሳይሆን በመዳፏ ጭኗ ላይ ነው የምታሾረው። ማታ እግሯን አገላብጣ ታያለች፣ እሾህ ወግቷት ቢሆን ስለማይሰማት። አትለምንም።» የመጨረሻውን ቃል ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ነገሩኝ።

ያ የሚያስቀው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ «እንዝርቱን እንዴት ነው የምታሾረው? አሳዪኝ» አለኝ። አሳየሁት። ይኸው የነገርኳቸው ድራማችን ሆነ። እናቲቱን የተጫወተችው ያቺ ቀኝ እጄን የያዘችው ልጅ ናት።

ሁሉም አልተመቻቸም። አንዲት እናት ነገሩን ሰምተው ልጃቸውን አስቀሩ። ጋሼ አላኮረፈም፣ በክበቡም ስብሰባ አላወገዛቸውም። ከአለርት አንዲት ነርስ ይዞ ቤታቸው ቡና ሊጠጣ ሄደ። ነርሷ የጠየቋትን ሁሉ መለሰችላቸው። ሰው ሕክምና ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደማያስተላልፍ፣ አብዛኛው የሰው ልጅ በተፈጥሮው በሽታውን እንደሚቋቋም፣ በዘር እንደማይመጣ ነገረቻቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጅቷ ተመለሰች። ሌላ አንድ ልጅ ግን እንደወጣ ቀረ፤ አባቱ ጨርሰው አልሰሙም። የልምምድ ቀን ቡናው በየተራ በየልጁ ቤት ይፈላ ጀመር፤ የእኛ ተራ ሲደርስ እናቴ ረከቦቱን አሰናድታ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ስኒውን በሁለት መዳፏ አቅርባ ሰጠች። ጋሼ ተቀብሎ ጠጣ፤ ሁለተኛም ጠየቀ። ልጆቹ እሱን አይተው ጠጡ።

ድራማውን ያሳየነው በዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ወር የመጨረሻ እሑድ የሚከበር ቀን ነው። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ ጀበናውን ስታነሳ እናቴ ከተቀመጠችበት «ኧረ እንዲህ አይደለም የሚያዘው፣ ልጄ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ቆም ብላ «እንዴት ነው እማማ?» አለቻት። እናቴ ተነስታ መድረኩ ድረስ ሄዳ ጨርቁን አስተካክላ አስያዘቻት። ሰው አጨበጨበ። ያቺ በድንጋይ ላይ ወረቀት አስቀምጪ የተባለች ሴት ናት በሰው ፊት ለሰው ልጅ እጅ ያሳየችው።

በዓመቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሁሉም ነገር አልተለወጠም፤ የክበቡ ልጆች ግን አብረውኝ ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላው ቀስ እያለ ለመደ። ጨርሼ ሥራ ያዝኩ። አሁን በሰፈሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆች ጋር እሠራለሁ፤ የጋሼን መንገድ ነው የምከተለው።

እግረ መንገዴን ያየሁትን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ወደ ሰፈራችን ብዙ እርዳታ መጥቷል፤ ብዙው ከልብ ነው። ነገር ግን «የሥጋ ደዌ ተጠቂ ቤተሰብ ልጆች» የሚል ጨርቅ ዘርግቶ፣ የእኛን ልጆች ብቻ ሰብስቦ፣ ደብተር አስይዞ ፎቶ የሚያነሳ መርሐ ግብር ልጆቹን ከሌላው የሚለየውን አጥር ከፍ ያደርገዋል። ልጅ ደብተሩን ይወስዳል፤ ፎቶው ግን ትምህርት ቤት ቀድሞት ይደርሳል። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ የሚያዝንላት አላጣችም። ያጣችው የሚጠይቃት፣ ሥራ የሚሰጣት፣ ስትቀር የት ሄደች የሚላት ነው። ይህን መስጠት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የማይታጠፍ ቀንና ሰዓት፣ የተቀላቀሉ ልጆች፣ ወላጆቻቸውን በስማቸው የሚጠራና ቡናቸውን የሚጠጣ አንድ ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ግን ብቻውን መተው የለበትም፤ ልጅ በአደራ የተሰጠው ሰው የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይኑር፣ የአዳራሹ በርም ለወላጅ ክፍት ይሁን።

ይህን ስል የምለምነው ውለታ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ12ኛው አንቀጽ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲደመጥ፣ በ31ኛው እንዲጫወትና በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት እንዲሳተፍ መብት ይሰጠዋል። ሕገ መንግሥቱም በ36ኛው አንቀጽ የሕፃናትን መብት ይዟል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀው ውሳኔ መድልዎ እንዲቀርላቸው የጠየቀው ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቦቻቸውም ጭምር ነው። የእኔ ዓይነት ልጅ እዚያ ውስጥ ተጠርታለች።

በሽታው ዛሬም አልጠፋም። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ ከእነሱ መካከል ልጆችም አሉ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ቶሎ የጀመረ ሰው እጁ እንደ እናቴ እጅ አይሆንም። ቆዳ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ልጁንም ይውሰድ።

መምህራን ሆይ፣ ያንን ተረት ሰሌዳ ላይ አትጻፉት፤ የጻፈው ተማሪ ቢኖር እንኳ አጥፉት። የወጣት ማእከል ያላችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ መድረሳ የምታስተምሩ፣ የእግር ኳስ ቡድን የምታሠለጥኑ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በር አጠገብ ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ ካለች ለምን እንደተቀመጠች አትጠይቋት። ካለእሷ የማይሆን ሥራ ስጧት።